የአንቴና ማስማሚያ ምን ያህል ኃይል ይበላል?

የሳይንስ ዓምድ፤ በአንድ የሕክምና ተማሪ፣ ኤደን



አንድ የሕክምና ተማሪ ስለ ሬዲዮ ምን አገባው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሾርት ዌቭ ዳያተርሚ የሚባል መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ በ27.12 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የሬዲዮ ማሰራጫ ነው። ከሌላው ማሰራጫ የሚለየው ኃይሉ በአየር ላይ እንዲናኝ ሳይሆን በታማሚው ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ወደ ሙቀት እንዲለወጥ በመደረጉ ነው። ሕክምናው ሲጀመር መሣሪያው ከታማሚው አካል ጋር መስማማት አለበት፤ በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች በእጅ በሚዞር ኮንዴንሰር፣ በአዲሶቹ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ያስማማል። ካልተስማማ ኃይሉ ታማሚው ዘንድ አይደርስም።

በአማተር ሬዲዮ ጣቢያ የሚገኘው የአንቴና ማስማሚያ፣ አማተሮች ቲዩነር የሚሉት፣ ሥራው ይኸው ነው። ዓላማው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚያ ሙቀቱ መድኃኒት ሲሆን በዚህ ሙቀቱ ብክነት ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በማስማሚያው ውስጥ ኃይል የሚባክንበትን ምክንያት መግለጽ፤ ሁለተኛ፣ ብክነቱን በጥቂት ገንዘብ በሚገኝ ዕቃ የምንለካበትን ዘዴ ማሳየት፤ ሦስተኛ፣ ከልኬቱ በመነሣት የትኛውን ጉድለት አስቀድመን ማረም እንዳለብን መወሰን ነው።

1. ጉዳዩ ለእኛ ለምን ይጠቅማል?

ኤደን በአማተሮች ዘንድ የታወቀ ስም ነው። እንግሊዞች ከተማዋን ለቀው እስከ ወጡበት እስከ ኖቬምበር 30 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የኤደን ጣቢያዎች መጠሪያ በቪኤስ 9 ኤ ይጀምር ነበር። ዛሬ የየመን ጣቢያዎች መጠሪያ የሚጀምረው በ7 ኦ ነው፤ ከየመን የሚሰማ አማተር ግን እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 አንድ የአማተሮች ቡድን ከሶቆጥራ ደሴት 7 ኦ 6 ቲ በሚል መጠሪያ ሲሠራ ከ160 ሺህ በላይ ግንኙነቶች መመዝገቡ አገሪቱ ምን ያህል እንደምትፈለግ ያሳያል። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያ፣ ኢቲ 3 ኤኤ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ተቋቁሞ ተማሪዎችን አሠልጥኗል።

ከኤደን እስከ አዲስ አበባ በአየር መስመር ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ ርቀት ቀን በ7 ሜጋኸርዝ፣ ማታ ደግሞ በ3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት የአጭር ሞገድ ክልሎች ይስማማሉ፤ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከአዮኖስፌር ተመልሶ ይወርዳል። በመካከል ያለውን ባሕርና ተራራ የሚያሻግር ኬብልም ሆነ ሳተላይት አያስፈልገውም። ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች ስልክ በማይደርስበት አገር በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲጠቀሙ የኖሩትም ስለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ከቤተሰብ ድምፅ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎች በውጭ አገር ያሉ ተማሪዎች ያውቁታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አማተር ሬዲዮ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ በጦርነት በቆሰለ አገር ደግሞ ያለ ፈቃድ ማሰራጫ መክፈት ለራስም ለጎረቤትም አደጋ ነው። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ሙከራዎች ሁሉ የሚሠሩት በሬዚስተር ላይ ነው፤ ሬዚስተር ደግሞ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ ወደ አየር አይለቀውም። ስለዚህ ማንኛውም የጥናት ክበብ ሙከራዎቹን በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ በመምህር ፈቃድ፣ አንድም ድምፅ ወደ አየር ሳይለቅ ሊሠራቸው ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ከተማ ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪና በፀሐይ ኃይል ነው። 100 ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ በ13.8 ቮልት 20 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም 276 ዋት ማለት ነው። በማስማሚያው ውስጥ 18 ዋት ቢባክን ከባትሪው የወጣው ኪሣራ 18 ሳይሆን 50 ዋት ያህል ነው።

2. ማስማሚያው ምን ይሠራል? ኃይሉስ የት ይጠፋል?

የዛሬ ማሰራጫዎች ኃይላቸውን በሚገባ የሚሰጡት የ50 ኦም ጭነት ሲያገኙ ነው። አንቴና ግን እንደ ርዝመቱና እንደ ተተከለበት ቦታ 10 ኦምም፣ 300 ኦምም ሊሆን ይችላል፤ በዚያም ላይ ሪአክታንስ የተባለው ኃይሉን የሚመልስ ባሕርይ ይጨመርበታል። ማስማሚያው በኮይልና በኮንዴንሰር አማካይነት ይህን ጭነት ለማሰራጫው 50 ኦም አስመስሎ ያቀርብለታል። የተመለሰ ኃይል መኖሩን የሚያሳየው ኤስ ደብልዩ አር የተባለው ቁጥር 1 ሲሆን «ተስማማ» ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤስ ደብልዩ አር 1 መሆኑ የሚነግረን ማሰራጫው መደሰቱን ብቻ ነው። ኃይሉ አንቴና ደረሰ ወይስ በሣጥኑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ቀረ የሚለውን አይነግረንም። 50 ኦም ሬዚስተር በሣጥን ዘግተን «አንቴና» ብንለው ኤስ ደብልዩ አሩ ፍጹም 1 ነው፤ ወደ አየር የሚወጣው ኃይል ግን ከምንም አይቆጠርም።

የኃይሉ ዋና ሌባ ኮይሉ ነው። የአየር ኮንዴንሰር የሚያባክነው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። የኮይል ሽቦ ግን ተቃውሞ አለው፤ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ቆዳ ላይ ብቻ ስለሚሄድ ተቃውሞው ይጨምራል። የኮይሉ ሪአክታንስ ለተቃውሞው ሲካፈል የሚገኘው ውጤት የጥራት ቁጥር ይባላል። በመልካም ማስማሚያ ውስጥ ይህ ቁጥር ከ100 እስከ 300 ይደርሳል።

በገበያ የሚገኘው ብዙው የእጅ ማስማሚያ በፊደል ቲ ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ይኸውም አንድ ኮንዴንሰር በማሰራጫው በኩል፣ አንድ ኮንዴንሰር በአንቴናው በኩል፣ በመካከላቸው ወደ መሬት የሚወርድ ኮይል አለው። አንድን ጭነት ለማስማማት ሁለት መቆጣጠሪያ ይበቃል። ይህ ግን ሦስት አለው። ስለዚህ ኤስ ደብልዩ አርን 1 የሚያደርጉ የቁልፍ አቀማመጦች ብዙ ናቸው፤ ብክነታቸው ግን እኩል አይደለም።

ለምሳሌ ያህል 12.5 ኦም የሆነን ጭነት በ3.5 ሜጋኸርዝ እናስማማ። የኮይሉ የጥራት ቁጥር 150 ይሁን፤ ኮንዴንሰሮቹ ምንም አያባክኑ እንበል። በአንቴናው በኩል ያለውን ኮንዴንሰር በሦስት ልዩ ልዩ መጠን አቁመን ብናሰላ የሚከተለው ይገኛል፦

በ500 ፒኮፋራድ፦ ብክነት 7 በመቶ ያህል
በ250 ፒኮፋራድ፦ ብክነት 13 በመቶ ያህል
በ125 ፒኮፋራድ፦ ብክነት 23 በመቶ ያህል

በሦስቱም ኤስ ደብልዩ አሩ 1 ነው! በሦስቱም የማሰራጫው መርፌ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያል። ከዚህ የሚገኘው ሕግ አጭር ነው፤ ማስማማት እስከ ተቻለ ድረስ ኮንዴንሰሮቹን በተቻለ መጠን ትልቅ፣ ኮይሉን በተቻለ መጠን ትንሽ አድርጎ መሥራት። መጀመሪያ የአንቴናውን ኮንዴንሰር እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ በኮይሉና በሌላው ኮንዴንሰር ማስማማት፣ እምቢ ካለ ብቻ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው።

መጠኑን በትልቁ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እናስብ። እ.ኤ.አ. በማርች 1977 በመንግሥት የተወረሰው ይህ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። በእንዲህ ያለ ማሰራጫ ላይ 13 በመቶ ብክነት ቢደርስ 13 ኪሎዋት ሙቀት ነው፤ ይህም የብዙ እንጀራ ምጣዶች ኃይል በአንድ ኮይል ላይ ነደደ ማለት ነው። ስለዚህ የትልልቅ ጣቢያዎች መሐንዲሶች ብክነትን መለካት ግዴታቸው ነው። አማተሩ ግን ብክነቱ ሣጥኑን ብቻ ስለሚያሞቅ ሳያየው ይኖራል።

3. ሁለት ዋትሜትር ለምን ያታልላል?

በመጀመሪያ የሚታሰበው ዘዴ አንድ ዋትሜትር በማስማሚያው መግቢያ፣ ሌላ በመውጫው ላይ አስገብቶ ልዩነቱን መቀነስ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ጉድለቶች ግን አሉት።

የመጀመሪያው ጉድለት የስሕተት ጉዳይ ነው። በርድ 43 የተባለው የታወቀ ዋትሜትር እንኳ የሚያረጋግጠው ከሙሉ ልኩ 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ነው። በ100 ዋት ልክ ይህ 5 ዋት ነው። በመግቢያው 100፣ በመውጫው 92 ዋት አነበብን እንበል። እውነተኛው መግቢያ ከ95 እስከ 105፣ እውነተኛው መውጫ ከ87 እስከ 97 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ብክነቱ 17 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከገባው ይልቅ የወጣው በለጠ የሚል ፈጽሞ የማይሆን ውጤት ይወጣል። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን ተቀናንሰን ትንሽ ቁጥር ስናወጣ የትልልቆቹ ስሕተት በሙሉ በትንሹ ላይ ይጫናል። እናት ሕፃኗን ታቅፋ በትልቅ ሚዛን ላይ ብትወጣ፣ ከዚያም ብቻዋን ብትመዘን፣ ልዩነቱ የሕፃኑ ክብደት ነው። ሚዛኑ በአንድ ኪሎ ከተሳሳተ ግን ለእናትየው ምንም ያልሆነው ስሕተት የአራት ኪሎ ሕፃንን ክብደት በሩብ ያዛባዋል። ስለዚህ ነው ሕፃናት የራሳቸው ሚዛን ያላቸው።

ሁለተኛው ጉድለት፣ ተራው ዋትሜትር በትክክል የሚያነበው በ50 ኦም መስመር ላይ መሆኑ ነው። በማስማሚያው መውጫ ላይ ግን 50 ኦም የለም፤ ቢኖርማ ማስማሚያ ባላስፈለገ! 50 ኦም ምትክ አንቴና በመውጫው ላይ አስገብቶ «ማስማሚያዬ የሚያባክነው 2 በመቶ ብቻ ነው» ማለት፣ በሽተኛውን ተኝቶ ሳለ መርምሮ ደረጃ ሲወጣ ልቡ አይደክምም እንደ ማለት ነው። መሣሪያው መፈተን ያለበት በሚከብደው ሥራ ላይ ነው።

4. ሦስት የተሻሉ ዘዴዎች

ሀ. በአንድ ዋትሜትር፣ በተከፈለ ጭነት

ሁለት የ50 ኦም ምትክ አንቴናዎችን በማስማሚያው መውጫ ላይ ጎን ለጎን ብናያይዛቸው ጭነቱ 25 ኦም ይሆናል። ኃይሉም እኩል ይከፈላል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ግን ለብቻው 50 ኦም ስለሆነ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ዋትሜትር ብናስገባ በትክክል ያነባል፤ ንባቡን በ2 ማብዛት ነው። አራት ምትክ አንቴናዎች 12.5 ኦም ይሆናሉ፤ ንባቡ በ4 ይበዛል። በቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ገመዶች አጫጭርና እኩል መሆን አለባቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋትሜትሩን በማሰራጫውና በማስማሚያው መካከል አስገብተን ኤስ ደብልዩ አሩ 1 እስኪሆን እናስማማለን፤ ንባቡን እንጽፋለን። ከዚያም ቁልፎቹን ሳንነካ ያንኑ ዋትሜትር አውጥተን በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ እናስገባዋለን። መጀመሪያ 60 ዋት፣ ቀጥሎ 27 ዋት ቢያነብ፣ የወጣው 54 ዋት፣ የባከነው 6 ዋት ወይም 10 በመቶ ነው። ዋትሜትሩ አንድ ስለሆነ በእኩል መጠን ከፍ አድርጎ የማንበብ ወይም ዝቅ አድርጎ የማንበብ ጠባዩ በሁለቱም ንባብ ላይ ስለሚኖር ይጣፋል። የሚቀረው ስሕተት በልኩ ታችኛው ክፍል ላይ የሚያሳየው ድክመት ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ተገቢ ነው።

ለ. በሙቀት

የጠፋው ኃይል የትም አልሄደም፤ ሙቀት ሆኗል። እንግዲያውስ ሙቀቱን ራሱን ለምን አንለካም? ይህ አስተሳሰብ ከሕክምና ታሪክ የመጣ ነው። ላቮአዚዬና ላፕላስ የተባሉት ፈረንሳውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1782 እና በ1783 አንዲት ጊኒ ፒግ የተባለች ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው የቀለጠውን በረዶ በመመዘን ሰውነቷ የሚያወጣውን ሙቀት ለክተዋል። እኛም ማስማሚያውን እንደዚያች እንስሳ ልንቆጥረው እንችላለን።

ማስማሚያውን በወፍራም ካርቶን እንሸፍናለን። በውስጡ አንድ የአልኮል ቴርሞሜትርና አንድ የ12 ኦም ሬዚስተር ከኮይሉ አጠገብ እናስቀምጣለን። በመጀመሪያ በተወሰነ የሬዲዮ ኃይል፣ ለምሳሌ በ50 ዋት፣ ለአሥር ደቂቃ ሠርተን የሙቀቱን ጭማሪ እንመዘግባለን። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ ሬዲዮውን ትተን ለሬዚስተሩ ከባትሪ ኤሌክትሪክ እንሰጠዋለን። 12 ቮልት በ12 ኦም 1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ነው። ቮልቱን ከፍና ዝቅ እያደረግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያንኑ የሙቀት ጭማሪ የሚያመጣውን መጠን እንፈልጋለን። ያ መጠን የማስማሚያው ብክነት ነው። ለምሳሌ በ6 ዋት እኩል ጭማሪ ቢገኝ፣ ከ50 ዋት 6 ዋት ባክኗል፤ 12 በመቶ ማለት ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም መቀናነስ የሌለበት መሆኑ ነው። የምንለካው ትንሹን ቁጥር ራሱን ነው፤ ሕፃኑን ለብቻው መመዘን ማለት ነው። ዘዴው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በኤደን የበጋ ሙቀት ከቀትር ይልቅ ማታ፣ ቬንቲሌተር ጠፍቶ ቢሠራ ይመረጣል። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር አይሆንም፤ ሜርኩሪ ብረት ስለሆነ በሬዲዮው ኃይል ራሱ ይሞቃል። የዲጂታል ቴርሞሜትር ሽቦም አንቴና ሆኖ ንባቡን ያዛባል።

ዋትሜትሩን ራሱን ለመፈተሽም ይኸው ዘዴ ያገለግላል። የ50 ኦም ምትክ አንቴና በዘይት ውስጥ ነክሮ በሬዲዮ ኃይል ማሞቅ፣ ቀጥሎም አራት የ12 ቮልት ባትሪዎችን በተርታ ቀጥሎ በ50 ቮልት ማሞቅ ነው። 50 ቮልት በ50 ኦም 50 ዋት ነው። ሁለቱ ዘይቱን እኩል ካሞቁት ዋትሜትሩ 50 ማንበብ ነበረበት።

ሐ. በኤስ ደብልዩ አር ለውጥ

ይህ ዘዴ ከሦስቱ እጅግ የሚደነቀው ነው። ፍራንክ ዊት የተባሉ አሜሪካዊ አማተር እ.ኤ.አ. በ1995 ኪው ኤስ ቲ በተባለው መጽሔት አስፋፍተው አቅርበውታል። ትልቅ ኃይል አይፈልግም፤ ትንሽ የአንቴና መመርመሪያ፣ ወይም ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ናኖ ቪኤንኤ የተባለ በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ይበቃል።

አስተሳሰቡን በሕክምና ምሳሌ እንግለጸው። ሐኪም የታማሚን ደረት በጣቱ ሲያንኳኳ ከውስጥ ያለውን ለውጥ በድምፁ ያውቃል። ታማሚው ቀጭን ከሆነ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ወፍራም ከሆነ ግን ስቡ ያፍነዋል። የማይባክንበት ማስማሚያ እንደ ቀጭኑ ሰው ነው። በአንቴናው በኩል ያደረግነው ለውጥ በማሰራጫው በኩል ሳይቀነስ ይታያል። ጭነቱን በእጥፍ ብናሳድገው ወይም በግማሽ ብንቀንሰው ኤስ ደብልዩ አሩ ከ1 ወደ 2 ይሄዳል። የሚያባክን ማስማሚያ ግን ሞገዱን ሲሄድ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ አንድ ጊዜ ስለሚያደክመው ለውጡ ታፍኖ ይደርሳል፤ ኤስ ደብልዩ አሩ 2 መድረስ ሲገባው 1.8 ወይም 1.6 ላይ ይቆማል። የታፈነው መጠን ብክነቱን ይናገራል።

ለሙከራው ስምንት የ100 ኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ፤ የካርቦን ወይም የብረት ቅብ ዓይነት ይሁኑ እንጂ የተጠመጠመ ሽቦ ያለባቸው አይሁኑ። አራቱ ጎን ለጎን 25 ኦም፣ ሁለቱ 50 ኦም፣ ስምንቱ 12.5 ኦም ይሆናሉ። በመጀመሪያ በ25 ኦም ላይ ኤስ ደብልዩ አሩ ፍጹም 1 እስኪሆን እናስማማለን። ቁልፎቹን ሳንነካ ጭነቱን 50 ኦም አድርገን ኤስ ደብልዩ አሩን እንጽፋለን፤ ቀጥሎ 12.5 ኦም አድርገን እንጽፋለን። ለእያንዳንዱ ንባብ የሚከተለውን እንመለከታለን፦

ኤስ ደብልዩ አር 2.0፦ የሚተርፈው 100 በመቶ
ኤስ ደብልዩ አር 1.9፦ የሚተርፈው 93 በመቶ
ኤስ ደብልዩ አር 1.8፦ የሚተርፈው 86 በመቶ
ኤስ ደብልዩ አር 1.7፦ የሚተርፈው 78 በመቶ
ኤስ ደብልዩ አር 1.6፦ የሚተርፈው 69 በመቶ
ኤስ ደብልዩ አር 1.5፦ የሚተርፈው 60 በመቶ

ሠንጠረዡ የተሠራው እንዲህ ነው። ከኤስ ደብልዩ አሩ 1 ቀንሶ፣ ኤስ ደብልዩ አሩ ላይ 1 ደምሮ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሎ በ3 ማብዛት ነው። በሁለቱ ጭነቶች ያገኘናቸውን ውጤቶች አማካይ ስንወስድ የማስማሚያው ትክክለኛ ዋጋ በጥሩ ግምት ይገኛል። በአንዱ 1.8፣ በሌላው 1.7 ቢነበብ የ86 እና የ78 አማካይ 82 ነው፤ ስለዚህ ብክነቱ 18 በመቶ ነው። በአንድ ንባብ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም፤ ሁለቱ ንባቦች ሆን ተብለው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሳሳቱ ስለሆኑ የሚታረሙት በአማካይ ነው።

5. ከልኬት ወደ ሕክምና

አሁን 18 በመቶ አገኘን እንበል። በሩቅ የሚሰማን ሰው ይህን ያውቃል? አያውቅም። 18 በመቶ ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ ጆሮ ለይቶ አያውቀውም። ግማሹ ኃይል እንኳ ቢጠፋ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በመቀበያው የኤስ ልክ ላይ ደግሞ አንዱ ደረጃ 6 ዴሲቤል ሆኖ የተወሰነ ነው። ታዲያ ለምን ደከምን? የደከምነው ጉድለቱ የት እንደሆነ ለመለየት ነው።

በኤደን ሰገነት ላይ የሚተከለውን አንቴና እንመልከት። በ3.5 ሜጋኸርዝ ሙሉ የግማሽ ሞገድ አንቴና 40 ሜትር ርዝመት አለው። በክሬተርም ሆነ በሼክ ዑስማን ሰገነት ላይ 40 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ማን ያገኛል? ስለዚህ 10 ሜትር የሚሆን ቋሚ ሽቦ ተተከለ እንበል። የዚህ ሽቦ የማሰራጨት ተቃውሞ 5 ኦም ያህል ነው። ሪአክታንሱ ግን ወደ 600 ኦም ይጠጋል፤ እሱን ለማጥፋት 600 ኦም ኮይል ያስፈልጋል። የኮይሉ የጥራት ቁጥር 200 ከሆነ የኮይሉ ተቃውሞ 3 ኦም ነው። በደረቅ እሳተ ገሞራ ዓለት ላይ የተዘረጋው የመሬት ሽቦ ብክነት ደግሞ 12 ኦም ይሁን። ድምሩ 20 ኦም ነው።

ከ100 ዋት ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው 25፣ በኮይሉ የሚባክነው 15፣ በመሬቱ የሚባክነው 60 ዋት ነው። አሁን ሕክምናውን እንምረጥ። ብዙ ገንዘብ አውጥተን የጥራት ቁጥሩ 300 የሆነ ትልቅ ኮይል ብንገዛ የኮይሉ ተቃውሞ 2 ኦም ይሆናል፤ የሚወጣው ኃይል ከ25 ወደ 26 ዋት ብቻ ከፍ ይላል። ኮይሉን ትተን የመሬት ሽቦዎቹን ብናበዛና ብክነታቸውን ወደ 6 ኦም ብናወርድ የሚወጣው 36 ዋት ያህል ይሆናል። እንደ ጨው ውኃ ያለ መልካም መሬት ከባሕር ዳር ማግኘት የቻለ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ተራ መዳብ ሽቦ ከውድ ኮይል በለጠ ማለት ነው።

ከዚህ የተለየ ሁኔታም አለ። መሬቱ መልካም ሆኖ ሣጥኑ 30 በመቶ የሚያባክን ከሆነ መጀመሪያ የቲ ቅርጹን ቁልፎች አቀማመጥ ማረም ነው፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ያ ካልበቃ ኮይሉን መለወጥ ይከተላል። ልኬት ከሌለ ግን ሁለቱ ሁኔታዎች አይለዩም፤ በሁለቱም አማተሩ የሚያየው ኤስ ደብልዩ አር 1 ነው፣ በሁለቱም ጥሪውን የሚመልስለት ሰው ያጣል። በዚህ ጊዜ የሚደረገው የተለመደ ነገር ትልቅ ማጉያ መግዛት ነው። ምልክቱን እያዩ ሳይመረምሩ መድኃኒቱን በእጥፍ እንደ ማዘዝ ይቆጠራል።

6. ጥንቃቄ

በላይኛው ምሳሌ 100 ዋት በ20 ኦም ሲሠራ ወደ 2.2 አምፔር ይፈሳል። ይህ በ600 ኦም ኮይል ላይ 1,300 ቮልት ያህል፣ በጫፉ ደግሞ 1,900 ቮልት ያህል ያቆማል። ስለዚህ ማሰራጫው በርቶ ሳለ የማስማሚያውን ክዳን መክፈት ወይም ኮይሉን በእጅ መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው። የሬዲዮ ኃይል ቃጠሎ ከላይ ሲታይ ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ከቆዳው በታች ጠልቆ ይገኛል፣ ቀስ ብሎም ይድናል። ሰውነቱ ላይ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ያለበት ሰው በሙከራው ክፍል ውስጥ አይገኝ። ሬዚስተሮቹ ከተጻፈባቸው ዋት በላይ አይጫኑ። መጀመሪያ በትንሽ ኃይል ማስማማት፣ ከዚያ ከፍ ማድረግ፣ ቁልፍ ከመንካት በፊትም ኃይሉን ማጥፋት የዘወትር ልማድ ይሁን።

የውይይት ጥያቄዎች

የጥናት ክበቦች የሚከተሉትን በቡድን ሠርተው እንዲወያዩባቸው ቀርበዋል።

1. በ25 ኦም የተስማማ ማስማሚያ በ50 ኦም 1.9፣ በ12.5 ኦም 1.8 አነበበ። ብክነቱ ምን ያህል ነው?

2. አንድ አማተር በ50 ኦም ምትክ አንቴና ፈትኖ «ማስማሚያዬ 2 በመቶ ብቻ ያባክናል» ይላል። በሰገነቱ ላይ ያለው አንቴና ግን 10 ሜትር ሽቦ ነው፤ የሚሠራውም በ3.5 ሜጋኸርዝ ነው። ንግግሩን እንዴት ትገመግሙታላችሁ?

3. የማሰራጨት ተቃውሞው 5፣ የኮይሉ 3፣ የመሬቱ 2 ኦም የሆነ አንቴና አለን። ከ100 ዋት ስንቱ ይወጣል? በዚህ ሁኔታ አስቀድሞ የሚታረመው የትኛው ነው?

መልስ፦ ለ1ኛው የ93 እና የ86 አማካይ 89.5 ስለሆነ ብክነቱ ከ10 እስከ 11 በመቶ ነው። ለ2ኛው፣ ልኬቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለማይጠየቅ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው እንጂ ስለ ሰገነቱ አንቴና የሚነግረን ነገር የለም። ለ3ኛው፣ ድምሩ 10 ኦም ስለሆነ 50 ዋት ይወጣል፤ ከባከነው ውስጥ የሚበልጠው የኮይሉ ስለሆነ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚታረመው ኮይሉ ነው።

ሙከራውን የሠሩ ክበቦች የማስማሚያውን ቅርጽ፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ጭነቱንና ሁለቱን ንባቦች ጽፈው ለዚህ ዓምድ ቢልኩ ውጤቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ለሁሉም ሊጠቅሙ ይችላሉ። ያልተሳካ ሙከራም ቢሆን ይላክ፤ የማስማሚያው ጠባይ ከተሳካው እኩል የሚታወቀው ካልተሳካውም ነው።